ፉራ፣ ማጋኖና የቱላ ልጆች

ቱላ ውስጥ ኦዲንን የማያውቅ የ13 ዓመት ልጅ ብዙ አይገኝም። ኦዲን አንድ ዓይኑን ሰጥቶ ጥበብ እንደገዛ፣ ቶር በመዶሻው መብረቅ እንደሚያወርድ፣ ክራቶስ የሚባለው ግሪካዊ ጦረኛ የገዛ አባቱን ዜውስን እንደገደለ በቃሉ ይነግራችኋል። ይህን ያስተማረው ትምህርት ቤት አይደለም፤ እንደኔ ያለ ጌም ቤት ነው። ከሐዋሳ ወደ ይርጋለም በሚወስደው አስፋልት አቅራቢያ፣ ከገበያው ብዙም በማይርቅ ጠባብ ክፍል ውስጥ ጥቂት ቴሌቪዥኖችና ፕሌይስቴሽኖች አሉኝ። አብዛኛው ደንበኛ ፊፋ ይጫወታል፤ የተሸነፈ ይነሣል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። ታሪክ ያለው ጨዋታ የሚመርጡት ጥቂቶች ናቸው። እነሱ ጆይስቲክ ሲይዙ ግን ሌላው ከኋላ ቆሞ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ይከራከራል። የባዕድ አገር አማልክትና ጀግኖች ስማቸውና ዝምድናቸው ሳይቀር እዚህ ሰፈር የታወቁት በዚህ መንገድ ነው።

እነዚሁ ልጆች የሚኖሩበት የሐዋሳ ክፍለ ከተማ ሐዌላ ቱላ ይባላል። ሐዌላ ከሲዳማ ጎሳዎች አንዱ ነው፤ ብዙዎቹም የዚያው ጎሳ ልጆች ናቸው። ስለ ንግሥት ፉራ ስጠይቃቸው ግን ከስሟ የሚያልፍ ነገር የሚነግረኝ እምብዛም አላገኝም። ልጆቹን አልወቅስም። ኦዲን እነሱ ዘንድ የደረሰው ብዙ ሰው በየዘመኑ ስለደከመለት ነው። ለፉራ ግን ገና አልደከምንላትም።

የኦዲንን መንገድ ማወቅ ይጠቅመናል። የአይስላንድ ሰዎች ክርስትናን የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1000 ገደማ ነው። ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት አልፎ፣ በ1220 አካባቢ፣ ስኖሪ ስቱርሉሰን የሚባል የአገሩ ባላባትና ባለቅኔ የጥንቶቹን አማልክት ታሪክ ሰብስቦ ጻፈ። ስኖሪ ክርስቲያን ነበር፤ ለኦዲን አይሰግድም። የጻፈበት ምክንያት ሌላ ነው። የአገሩ ቅኔ በእነዚያ ታሪኮች ላይ የተሠራ ስለሆነ፣ ታሪኩን የማያውቅ ወጣት ቅኔውን ሊፈታ አይችልም ነበር። ያ መጽሐፍ ባይጻፍ ኖሮ ዛሬ ስለ ቶር የምናውቀው እጅግ ጥቂት ይሆን ነበር። ከዚያ በኋላ ዘመናት አለፉና በ1962 ማርቭል ቶርን የኮሚክ ጀግና አደረገው። በ2005 በግሪክ አማልክት የተጀመረው ጎድ ኦፍ ዋር በ2018 ወደ ኦዲንና ቶር አገር ተሻገረ፤ በ2022 ደግሞ ራግናሮክ በሚል ስም ቀጠለ። መጀመሪያ ተነገረ፣ ቀጥሎ ተጻፈ፣ ከዚያ ተሣለ፣ በመጨረሻ ጌም ሆነ። ሁለተኛው እርከን ባይኖር የቀሩት ሁለቱ አይኖሩም ነበር።

እኛ ያለነው በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ነው። ምን እንደያዝን ለማሳየት ከፉራ ልጀምር።

ፉራ ሲዳማን ለሰባት ዓመት የገዛች ንግሥት ናት ይባላል። ዘመኗን ከ14ኛው እስከ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ውስጥ የሚያደርጉ አሉ፤ መሠረቱ ግን ሁሉም የአፍ ታሪክ ነው። እኔ የሰማሁት ከአያቴ ነው። አያቴ ስትተርክ እንዲህ ነበር፦ ፉራ በነገሠች ጊዜ ሥልጣኑ ሁሉ የሴት ሆነ። ወንዱ ልጅ ያዝላል፣ ውሃ ይቀዳል፣ እንሰት ይፍቃል። ሴቶቹን ሰብስባ ለባል አትንበርከኩ፣ ምሥጢራችሁን አታውጡ፣ ራሳችሁን ጠብቁ ትላቸዋለች። ወንዶቹን ደግሞ የማይሞከር ሥራ ታዛቸዋለች። አንድ ቀን «በሰማይና በምድር መካከል፣ መሬቱንም ሰማዩንም ሳይነካ የሚቆም ቤት ሥሩልኝ» አለች። ወንዶቹ ጨነቃቸውና አንድ ብልህ ሽማግሌ ዘንድ ሄዱ። ሽማግሌው «እሺ እንሠራለን በሏት፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ምሰሶ የሚተክለው ባለቤቱ ነው፣ አንቺ ትከዪልንና እኛ እንቀጥላለን በሏት» ብሎ መለሳቸው። ፉራ መልስ አጣች።

ቀጥላ ከሁሉ የሚፈጥን መጋለቢያ እንስሳ አምጡልኝ አለች። ሽማግሌው አሁንም መከራቸው። ያልተገራ የዱር እንስሳ ይዘው መጡ፤ ቀጭኔ ነው የሚሉ አሉ፣ ቆርኬ ነው የሚሉም አሉ። እንዳትወድቂ ብለው በጠፍር ጥብቅ አድርገው አሰሯትና ለቀቁት። እንስሳው በረረ። ፉራ በየጫካውና በየገደሉ ተበጣጥሳ አለቀች። አካሏ የወደቀበት ቦታ ሁሉ በዚያው አካል ስም ተጠራ፤ ከቱላ ወደ ደቡብ ሲኬድ ያለችው የለኩ ከተማ እግሯ የወደቀባት ናት ይላሉ።

ተረቱ እንግዲህ ካርታ አለው። ጌም የሚሠሩ ሰዎች በሐሳብ ዓለም ውስጥ አገርና ከተማ ሲፈጥሩ ዓመታት ይፈጅባቸዋል። የፉራን ታሪክ የሚሰማ የቱላ ልጅ ግን አንዱን ቦታ በሚኒባስ ሄዶ ሊያየው ይችላል።

የዚህ ታሪክ ዘመዶች በየአካባቢው አሉ። ጎረቤቶቻችን ጉጂና ቦረና አኮ ማኖዬ የምትባል ሴት ገዢ ነበረች ይላሉ። እሷም የማይቻል ታዛለች፣ እሷም በሽማግሌ ብልሃት ትወድቃለች፤ ጉድጓድ ላይ በተነጠፈ ቁርበት እንድትቀመጥ ተደርጋ ጉድጓዱ ውስጥ ወደቀች ይባላል። በሰሜን ደግሞ አክሱምን አጠፋች የምትባለው ዮዲት ጉዲት አለች። እርስ በርስ በብዙ ነገር የሚለያዩ ሕዝቦች ሴት የገዛችበትን ዘመን የመከራ ዘመን አድርገው መተረካቸው ያሳስበኛል። ተረት ሲሰማ ማን እንደተረከው ማሰብ ያስፈልጋል።

ይህን ጥያቄ አጥርታ ያነሣችልኝ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። መብራት ሲጠፋ ልጆቹ የከፈሉበትን ጨዋታ ትተው መሄድ አይወዱም፤ በረንዳውና ክፍሉ ውስጥ ተጠጋግተው ይጠብቃሉ። ተረት የማወራው በዚያ ሰዓት ነው። የፉራን አሟሟት ስተርክ ወንዶቹ በእንስሳው ሩጫ ተመስጠው ሳለ፣ ወንድሟን ልትጠራ መጥታ በሩ ላይ የቆመችው ልጅ «ጋሼ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ግን ምን ሠራች?» አለችኝ። መልሱን ሳላደራጅ ደገመችልኝ፦ «ያን ሁሉ ያስተማረቻቸው ሴቶችስ፣ ስትታሰር የት ነበሩ?» ወንዶቹ ዝም ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

ጥያቄዋ የተረቱን ጎዶሎ ቦታ ነካ። ተረቱ በተለመደው መንገድ ሲነገር የፉራን ትእዛዝና አሟሟት እንጂ አገዛዟን አያሳይም። ለልጅቷ የነገርኳት አያቴ ሁለት አተራረክ እንደነበራት ነው። ወንዶች ባሉበት ስትተርክ ፉራ ጨካኝ ነበረች ብላ ትጨርሳለች። ሴቶች ብቻቸውን እንሰት ሲፍቁ ስትተርክ ግን የምትጨርሰው በሌላ ቃል ነው፤ ፉራን ታለቅስላታለች፣ ምክሯን አንድ በአንድ ትቆጥራለች። ከዚያም ስለ ሲቆ ታወራለች። ሲቆ የሲዳማ ባለትዳር ሴት የምትይዘው፣ ክብሯን የሚያስጠብቅ በትር ነው። አንዲት ሴት ባሏ ሲበድላት የአካባቢው ሴቶች ሲቆአቸውን ይዘው፣ እየዘፈኑ በአንድነት ይወጣሉ። ጥፋተኛው ጥፋቱን አምኖ ካሳ እስኪሰጥ ድረስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ይህ ሥርዓት ያካ ይባላል። አያቴ ያካን የፉራ ትምህርት ትለው ነበር። ታሪክ ጸሐፊ ይህን ማያያዣ በማስረጃ ይፈትነው፤ እኔ ግን የሴቶቹ አተራረክ ከወንዶቹ እኩል መመዝገብ እንዳለበት አልጠራጠርም።

ማጋኖ ደግሞ ከፉራ የተለየ ነው። በሲዳማ ጥንታዊ እምነት ማጋኖ የሰማይ አምላክ፣ የሁሉ ፈጣሪ ነው። እንደ ኦሊምፐስ አማልክት በሐውልት አልተቀረጸም፤ ከሌላ አምላክ ጋር ተጣልቶ መሣሪያ ሲመዝ አይተረክም። በእሱና በሕያው ሰው መካከል የሚቆሙት የሞቱ አባቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲዳማ መካከል ኖሮ ያጠና ጆን ሐመር የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በዝርዝር እንደጻፈው፣ የሞተ አባት በልጁ ሕልም ይመጣል፤ ማር ወይም ወይፈን ይጠይቃል። ልጁም የተጠየቀውን ያቀርባል፤ አባቱን ረሳ እንዳይባልና ቁጣው በቤቱ ላይ እንዳይወርድ። ከአባቶቹ ሁሉ በላይ የሚጠሩት የሕዝቡ መሥራቾች ቡሼና ማልዴአ ናቸው፤ አመጣጣቸው በደቡብ ካለው ከዳዋ ወንዝ ነው ይባላል። በወንሾ ደግሞ አቦ ለተባለው የጥንት አባት መታሰቢያ የሆነው ቅዱስ ስፍራ እስከ ዛሬ አለ። በዚያ ያሉት ግዙፍ ዝግባዎች የቆሙት ዛፉን መቁረጥ አባትን መዳፈር ስለሆነ ነው። በዙሪያው እርሻና ቤት ሲስፋፋ ደኑን ያቆየው ይህ ፍርሃትና አክብሮት ነው።

እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ፤ በሲዳማ ብዙው ሕዝብም እንዲሁ ነው። እሑድ ጠዋት በሲዳምኛ የሚዘመርበት አጥቢያ የገባ ሰው ምእመኑ እግዚአብሔርን ማጋኖ ብሎ ሲጠራ ይሰማል። ስሙ ከሽማግሌዎች ምርቃት ወደ መጽሐፍ ቅዱስና ወደ መዝሙር ተሻግሯል። ለሞቱ አባቶች መሠዋትን ግን ቤተ ክርስቲያን አትቀበልም። ከዚህ የተነሣ ብዙ አማኝ ቤተሰብ ሥርዓቱን ሲተው ታሪኩንም አብሮ ተወው፤ ለልጅ መንገር ራሱ ወደ ኋላ መመለስ መሰለው። ስኖሪን ያነሣሁት ለዚህ ነው። ማምለክ ሌላ፣ መመዝገብ ሌላ ነው። የአያቱን እምነት በታማኝነት የጻፈ ክርስቲያን ከእምነቱ ያጎደለው ነገር የለም፤ ለልጅ ልጆቹ ግን ሀብት አቆየ።

ጀግና ሲባል ደግሞ ሁልጊዜ ሰይፍ የያዘ ሰው መሆን የለበትም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው ፊቼ ጫምባላላ የተያያዘው ከአንዲት ሴት ጋር ነው። በአፈ ታሪኩ ፊቼ የምትባል ሴት ካገባች በኋላ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ልትጠይቅ ትመጣ ነበር። ስትመጣ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ይዛ ትመጣለች፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ይካፈለዋል። ይኸው ነው ታሪኩ። በጦርነት አልማረከችም፣ ጭራቅ አልገደለችም። በየዓመቱ ስንቅ ይዛ መመለሷ ግን ሕዝብን አንድ የሚያደርግ በዓል ሆነ። ዩኔስኮ ኅዳር 2008 ዓ.ም. ናሚቢያ ዊንድሁክ ላይ ባደረገው ጉባኤ ፊቼ ጫምባላላን የማይዳሰስ የዓለም ቅርስ አድርጎ መዘገበው።

የዋዜማውን ምሽት ላላየ ሰው ልግለጸው። ቆጮው በደንብ ተፈርፍሮ ይበስልና ቅቤ ይጠጣል፤ ጣት ሲነካው ቅቤው ይወርዳል። ሻፌታ በሚባለው ሰፊ ገበታ ላይ ተከምሮ ይቀርባል፣ ወተትም አብሮ ይመጣል። ከመበላቱ በፊት ከእርጥብ እንጨት ጎንበስ ተደርጎ በተሠራው ሁሉቃ ሥር ቤተሰቡ ሁሉ በተራ ያልፋል፤ ከአሮጌው ዓመት ወደ አዲሱ መሻገር ነው። ትልቁ ሰው ይመርቃል፣ ከዚያ እጅ ይዘረጋል። በማግሥቱ ልጆች «አይዴ ጫምባላላ» እያሉ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ የደረሱበት ቤት ሁሉ ቡርሳሜ ያጎርሳቸዋል። ሐዋሳ ውስጥ ሕዝቡ ጉዱማሌ በሚባለው ስፍራ ይሰበሰባል፤ ቄጣላ የሚባለው ጭፈራ ይጨፈራል፤ የጎሳ መሪዎችም ሥራ ውደዱ፣ ሽማግሌ አክብሩ፣ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ፣ በሐሰት አትመስክሩ፣ አትስረቁ ብለው ይመክራሉ።

የበዓሉን ቀን የሚቆርጡት አያንቶዎች ናቸው። አያንቶ የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ እያየ ቀን የሚቆጥር አዋቂ ነው። የሲዳማ ባህላዊ ሳምንት አራት ቀን ነው፦ ዲኮ፣ ደላ፣ ቀዋዶና ቀዋላንካ። አያንቶዎቹ ቀኑን አይተው ለሽማግሌዎች ይናገራሉ፤ ሽማግሌዎች ለጎሳዎች ያስታውቃሉ። ሥልጣንም ዘመን አለው። ሉዋ በሚባለው የትውልድ እርከን ሥርዓት ደራራ፣ ፉላሳ፣ ሂርቦራ፣ ወዋሳና ሞጊሳ የሚባሉት አምስት እርከኖች በየሰባት ዓመቱ ገደማ እየተፈራረቁ ተራቸውን ይይዛሉ። ክርክር ሶንጎ በሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ይታያል፤ አፊኒ ተብሎ ሁሉም መስማቱ ይረጋገጣል፤ የፍርዱ መለኪያ ሃላሌ፣ እውነት ነው። ጌም ቤቴ የሚመጡት ልጆች ጥሩ የምናብ ጨዋታ የሚሉት አምላክ፣ ጀግና፣ ካርታ፣ የጊዜ አቆጣጠርና ሕግ ሲኖረው ነው። እዚህ አምስቱም ተሟልተዋል፤ ሁሉም በሕይወት ተኖሮበታል።

ታዲያ ምን ተጽፏል? ጥቂት አይደለም። ሐመር ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1987 በመጽሐፍ አወጣ፤ ኖርዌያዊው ያን ብሮገር ስለ ሲዳማ እምነት የጻፈው በ1986 ታትሟል። በታና ሆጤሶ በ1983 ዓ.ም. ስለ ሲዳማ ሕዝብና ባህል በአማርኛ ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህም የአገር ልጆች በዩኒቨርሲቲ ብዙ አጥንተዋል። ነገር ግን አብዛኛው የተጻፈው በእንግሊዝኛ፣ ለምሁር አንባቢ ነው። የ13 ዓመት ልጅ የሚያነበው፣ ሠዓሊ የሚሥልበት፣ ተራኪው ከነመንደሩ የተጠቀሰበት፣ የአንድን ተረት ልዩ ልዩ አተራረክ ጎን ለጎን ያስቀመጠ መጽሐፍ ያስፈልገናል።

ሌሎች ጀምረዋል። ካሜሩን ውስጥ ኪሮኦ ጌምስ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ኦሪዮን የሚባል፣ በአፍሪካ አፈ ታሪክ ላይ የተመሠረተ የምናብ ጨዋታ ለዓለም አቀረበ። እኛም ዘንድ በስራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ በ2018 ጀምበር የሚባል ኢትዮጵያዊ ጀግና በኮሚክ አወጣ፤ ቅኔ ጌምስ ደግሞ ኩኩሉን በስልክ አስጫወተን። በውጭ ጨዋታዎች ውስጥ ኢትዮጵያ አለች፤ ሲቪላይዜሽን በ2012 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን፣ በ2020 ዳግማዊ ምኒልክን አስገብቷል። ያ ደስ ያሰኛል። ሆኖም እዚያ የገቡት በመጽሐፍ የታወቁ ነገሥታት ናቸው። ያልተጻፈችው ፉራ በዚያ በር ልትገባ አትችልም።

እኔ የምፈራው ጌሙ ሳይሠራ መቅረቱን ብቻ አይደለም። ቸኩሎ መሠራቱንም እፈራለሁ። አንድ ቀን አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ ባገኘው አጭር ጽሑፍ ተነሥቶ ፉራን በእሳት የምትጫወት ክፉ ንግሥት፣ ማጋኖን መብረቅ የሚወረውር ግዙፍ ሰው አድርጎ ቢሥላቸው፣ የቱላ ልጆች የሚይዙት ያንን ነው። የሴቶቹ አተራረክ፣ ሲቆው፣ ምሰሶ ትከዪልን ያለው ሽማግሌ፣ የወንሾ ዝግባ፣ ቡርሳሜ ተሸክማ የምትመጣው ሴት ሁሉ ይቀራሉ። ስኖሪ ቀድሞ ስለጻፈ የኦዲንን ጌም የሚሠራ ሰው ሲሳሳት የሚያርመው መጽሐፍ አለ። ለፉራም የሚያርም መጽሐፍ ይኑራት።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ልመናዬ ይህ ነው። አያት ያላችሁ፣ የሚቀጥለው ፊቼ እስኪደርስ አትጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ ፉራን ተርኩልን በሉ። የስልካችሁን መቅጃ ክፈቱ። የተራኪውን ስም፣ መንደርና ጎሳ፣ የሰማበትን ሰው ጻፉ። ሴቶችን ለብቻ፣ ወንዶችን ለብቻ ጠይቁ። ሁለቱ ሲለያዩ አታስታርቋቸው፤ ሁለቱንም እንዳሉ አስቀምጡ። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ሕዝብ በሚያነበው ሲዳምኛና አማርኛ ጭምር አውጡት። ሠዓሊዎችና ፕሮግራመሮች፣ ከመሣላችሁና ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ከአንዲት ባልቴት ጋር ተቀመጡ። ልጆቹ ዝግጁ ናቸው፤ ጥያቄያቸውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መልሱን የሚያውቁት አረጋውያን ግን በየዓመቱ እየቀነሱ ነው።